ወይዘሮ ደብሪቱና የምትንቀጠቀጠው ቮልስ

ከሩዋንዳ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከአስፋልቱ ዝቅ ብሎ የተሠራ አንድ ጋራዥ አለ። ባለቤቱ አሌክስ፣ «ጋራዥ» ሲባል ፊቱ ይጨማደዳል፤ «ስቱዲዮ» በሉት ይላል። ወለሉ ነጭ ሴራሚክ ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ ሐምራዊ መብራት ተዘርግቷል፤ ከመኪና ዘይት ይልቅ የሽቶ ሽታ ይቀድማል። ወይዘሮ ደብሪቱ የሟች ባለቤታቸውን ቮልስ ሊረከቡ የገቡ ዕለት መጀመሪያ የተቀበላቸው ይኸው ሽታ ነበር። የቫኒላ ይሁን የእንጆሪ የማይለይ፣ ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ አልወርድ የሚል ጣፋጭ ነገር።

«ማዘር፣ ዝግጁ ነሽ?» አለ አሌክስ፣ ስልኩን እፊታቸው ደግኖ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ዞር ብለው ወደ ኋላቸው አዩ። እንዲህ የሚጠራው ሌላ ሰው ቆሞ እንደሆነ ብለው ነው።

«እኔን ነው?»

«ታዲያ ማንን ሊሆን! በይ ካሜራውን እዪ። አንድ፣ ሁለት…»

ጨርቁ ተገፈፈ። አቶ ኤርሳዶ በሕይወት ሳሉ ቮልሷ ደብዘዝ ያለች ሰማያዊ ነበረች፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ የተማሪ ዩኒፎርም የመሰለች። አሁን ግን ተልሶ እንደ ተተወ ከረሜላ ታብለጨልጫለች። ወንበሮቿ ቀይ ቆዳ ለብሰዋል፤ መሪዋ ላይ የሴት አንገት ሐብል የመሰለ ነገር ተጠምጥሟል። ወይዘሮ ደብሪቱ ፓራፋንጎዋን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉና ጣታቸውን በሻርፓቸው ጠረጉ። ምንም አልነበረበትም፤ ግን ጠረጉ።

ማሳደሱን ያሰበው አንድያ ልጃቸው እዝራ ነው። ቦሌ መንገድ ላይ ካሉት ትልልቅ ሕንፃዎች ባንዱ ውስጥ ይሠራል፤ እናቱን ደስ ያሰኘ መስሎት፣ አባቱ ካረፉ ወዲህ ጎሮ ከቤታቸው ደጃፍ ቆማ አቧራ የምትጠጣውን መኪና በገልባጭ ላይ አስጭኖ አስወሰዳት። አሁንም ፈገግ ብሎ የእናቱን ፊት ፊት ያያል። እንዴት «ቀፈፈኝ» ይበሉት? «እግዚአብሔር ይስጥህ ልጄ» አሉና ገቡ።

ከጋራዡ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣው መንገድ አጭር ግን ቀጥ ያለ ዳገት ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ ሞተሩን አስነሡ፤ ድምፁ የጥንቱ ነው፤ ልባቸው ትንሽ ሞቅ አለ። ፍሪሲዮኑን ረገጡ፤ ማርሽ አንድ አስገቡ፤ ነዳጅ ሰጥተው ግራ እግራቸውን ቀስ እያሉ አነሡ። ቮልሷ መጀመሪያ ጎተተች፤ ከዚያ ወባ እንደያዘው ሰው መንቀጥቀጥ ጀመረች። መስተዋቷ ተርገፈገፈ፤ ሐብሉ ተንሿሿ፤ እዝራ ከጎናቸው ሆኖ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን እጀታ ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ። በመጨረሻ እየዘለለች አስፋልቱ ላይ ወጣች። ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ከሳቁ በላይ የአሌክስ ድምፅ መጣ፤ ስልኩን እንኳ ሳያወርድ።

«እግር ነው ማዘር! እግር ነው! ቀስ በይ!»

እዚህ ላይ ወይዘሮ ደብሪቱ ማን እንደሆኑ መናገር ያስፈልጋል። ቦሌ ገና ሜዳዋ ሳያልቅ፣ ጎሮም የስንዴ ማሳ ሳለች፣ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ውስጥ ገብተው መኪና ማስተማር የጀመሩ፣ ጉልበታቸው እስኪያማቸው ድረስ ያንኑ ሥራ ያልለወጡ ሴት ናቸው። ያኔ ሴት አስተማሪ አይተው «አልሠለጥንም» ብለው የሄዱ ወንዶች ነበሩ፤ ሌላ ቦታ የዳገት ፈተና ወድቀው ተመልሰው የመጡም ነበሩ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሁሉንም በአንድ መንገድ ይጀምራሉ። «ጫማህን አውልቅ» ይላሉ። ተማሪው ያፍራል፤ ካልሲው ተቀድዶ ይሆናል። እሳቸው ግን አይሰሙትም። ባዶ እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ ያስቀምጡትና ዓይኑን ያስጨፍኑታል። «አሁን ልቀቅ። ቀስ። መኪናዋ ስትይዝ እግርህ ይነግርሃል፤ ጆሮህን አትስማው፤ እግርህን ስማው።» በዚህ ዓይነት የተማረ ሰው ዛሬም በከተማው ታክሲውንም፣ ጭነቱንም ይነዳል። እንግዲህ «እግር ነው» የተባሉት እኚህ ሴት ናቸው።

እዝራ ቤት እስኪደርሱ ዝም አለ። መኪናዋ ግን አላለችም፤ ትራፊክ መብራት ባስቆማቸው ቁጥር ስትነሣ ትንቀጠቀጣለች፤ የሚኒባስ ረዳቶች አንገታቸውን አውጥተው «ዳንሱ ተጀመረ!» ይላሉ። ግቢ ሲገቡ እዝራ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማዬ፣ ያቺ ጉልበትሽ…»

«ጉልበቴ ምን ሆነች?»

«ሐኪሙ ደረጃ አታብዢ ብሎሽ አልነበር? ምናልባት… ማለቴ፣ አሌክስ አንድ ሐሳብ አቅርቦልኛል። እዚያው ሩዋንዳ አካባቢ የሚያውቀው ካፌ አለ። በረንዳው ላይ አቁመዋት ሰው ፎቶ እየተነሣባት ትቆያለች። ታጥባ፣ ተጠብቃ። አንቺም ስትፈልጊ ሄደሽ ታያታለሽ።»

«እንደ ሐውልት?»

«እንደ ሐውልት አልልም እንግዲህ…»

«ማክያቶ የሚጠጣ ሁሉ አባትህ ወንበር ላይ እየተቀመጠ?»

ወይዘሮ ደብሪቱን ያንገሸገሻቸው የካፌው ነገር ብቻ አልነበረም። ልጃቸው፣ እሳቸው ጡት ያጠቡት ልጅ፣ የእናቱን እግር ከአንድ ሽቶ ነጋዴ አፍ ሰምቶ ማመኑ ነው። እሱ እንደሁ ከአውቶማቲክ መኪና ሌላ ነድቶ አያውቅም፤ ባስተማሩበት ዘመን ሁሉ አንድ ቀን ጫማውን አስወልቀውት አያውቁም፤ «በኋላ፣ በኋላ» ሲባባሉ ጊዜው አለፈ።

«ስማ» አሉት። «እግሬ ከሆነ ቁልፉን በገዛ እጄ እሰጥሃለሁ፤ ዳግመኛም መሪ አልይዝም። እግሬ ካልሆነ ግን ካፌ የምትለውን ቃል እዚህ ቤት አታነሣብኝም።»

«እሺ እማዬ።»

«የሚቀጥለው ቅዳሜ እኔው ራሴ ነድቼ እወስዳታለሁ። ያን ጊዜ ይለያል።»

በነጋታው እዝራ ቮልሷን መልሶ አስወሰዳት፤ አሌክስም «ለማዘር ስንል» ብሎ የፍሪሲዮኑን ሸራ በአዲስ ለወጠ። ሞተሩን የሚሸከሙትን ጎማዎችም ለወጥኩ አለ። ያንንም ቀረጸ። ቮልሷ ስትመለስ ያው ናት፤ ዳገቱ ላይ ተንቀጠቀጠች። ወይዘሮ ደብሪቱ በዚህ ጊዜ ምስክር ጠርተው ነበር። ነኢማ የምትባል የጥንት ተማሪያቸው ናት፤ አሁን በስልክ ጥሪ የሚሠራ ታክሲ ትነዳለች፤ በከተማው ውስጥ የማትነዳው የመኪና ዓይነት የለም።

«ቲቸር፣ እኔ ልሞክራት» አለችና ገባች። ጫማዋን አወለቀች፤ ልማዷ አልጠፋም። ቮልሷ ነኢማንም እንደዚያው አርገፈገፈቻት።

«አየህ?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ።

አሌክስ ትከሻውን ነቀነቀ። «ማን ነው ያስተማራት?»

«እኔ ነኛ!»

«በቃ፤ ያው እግር ነዋ!»

በዙሪያው ያሉት ልጆች ሳቁ። ነኢማ ጫማዋን እንደያዘች ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ወይዘሮ ደብሪቱ ክንዷን ይዘው አወጧት። «ተዪው። ሰው ቢሆን ይሰደባል» አሉ። መንገዱ ላይ ሲደርሱ ግን ቆም ብለው ሻርፓቸውን አራገፉ፤ ያ የቫኒላ ሽታ ልብሳቸው ላይ ቀርቶ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት መልካም አልነበሩም። ሰው ደጋግሞ የሰማውን ነገር ቢጠላውም ይገባበታል። ወይዘሮ ደብሪቱ ወጥ ቤት ዱካ ላይ ተቀምጠው ግራ እግራቸውን ያነሣሉ፣ ያወርዳሉ። ጉልበታቸው ቀጭ ይላል። «ይንቀጠቀጥ ይሆን?» ይላሉ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ያዳምጡታል፤ ዝም ያለ ነው። ግን ለራሳቸው ቢያዳሉስ? ሲያስተምሩ ስንት ሰው «እግሬ ደህና ነው፣ መኪናዋ ናት» ብሏቸው ስቀውበታል! ያ ሁሉ ሳቅ አሁን ተመልሶ የመጣባቸው መሰላቸው፤ ከገዛ እግራቸው ጋር ተኳርፈው ዋሉ።

ኀሙስ ጠዋት ግን ተነሡና ቮልሷን ከግቢ አወጧት። ኮብልስቶኑ መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ከሄደ በኋላ፣ ጫማቸውን አወለቁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ተማሪ ሆኑ እንግዲህ።

ማርሽ አንድ፤ ለቀቁ፤ ስትይዝ ተንቀጠቀጠች። የኋላ ማርሽ፤ ያው። ቁልቁለቱ ላይ ለቀዋት መንከባለል ከጀመረች በኋላ ሲያስገቡ ግን ዝም አለች። ስለዚህ ችግሩ ከቆመችበት ስትነሣ፣ ስትይዝ ብቻ ነው። ደግመው ሞከሩ። ያን ጊዜ ከውስጥ እግራቸው አንድ ነገር ተሰማቸው። ፔዳሉ ራሱ ከእግራቸው ሥር ይመታል! ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ሳብ። እግራቸውን እንደ ድንጋይ አጸኑት፤ ፔዳሉ አሁንም ይመታል። ከዚያ ወዲያ፣ ከመኪናዋ ሆድ ውስጥ፣ ሌላ ሰው ፔዳሉ የሚስበውን የካቦ ሽቦ ጫፍ ይዞ የሚጎትት ይመስላል።

«አንተ ማነህ?» አሉ ጮክ ብለው። ወዲያው አፈሩና መስኮቱን ዘጉ።

ጎሮ ውስጥ ሌላ ቮልስ ያላቸው አቶ ጉዲና ናቸው። ብሎኬት ያመርታሉ፤ ከወይዘሮ ደብሪቱ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይጸልያሉ። የሳቸው ቮልስ ግን የምትታይ አይደለችም። ቀለሟ የት እንደሄደ አይታወቅም፤ አንዱ በሯ ከሌላ መኪና የመጣ ነው፤ ወንበሯ በሲሚንቶ ከረጢት ተሸፍኗል፤ ውስጧ የዶሮ ቤት ይሸታል። ያውም አንድ ክረምት በእርግጥ የዶሮ ቤት ነበረች።

«እህት ደብሪቱ! ሙሽራዋን አመጣሽልን?» አሉ አቶ ጉዲና ከብሎኬቱ ክምር ኋላ ብቅ ብለው። ቮልሷን ዞሯት። «ይህ ቀለም በጣት ይነካል ወይስ በዓይን ብቻ ነው?»

«ቀልዱን ተወውና ወንድም ጉዲና፣ ያንተን ቁልፍ ስጠኝ።»

«የኔን? ኧረ ታቆሽሽሻለች!»

«ስጠኝ ብያለሁ።»

የአቶ ጉዲና ቮልስ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ በሯ አልዘጋ አለ። ወይዘሮ ደብሪቱ አፍንጫቸውን በሻርፓቸው ከልለው ፍሪሲዮኑን ለቀቁ። ውኃ ላይ እንዳለች ታንኳ ተንሸራታ ሄደች። ያለ አንዳች መንቀጥቀጥ! መልሰው አቆሙ፤ ደግመው ተነሡ፤ ያው ነው። ያመማቸውም ጉልበት፣ ያረጀችውም እግር እነዚያው ናቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ መሪው ላይ ተደፍተው ትንሽ ቆዩ።

«ምነው፣ ሽታው ነው?» አሉ አቶ ጉዲና ደንግጠው።

«ሽታው ነው» አሉ፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «በል እንግዲህ፣ ልዩነታቸውን ከሥር እንይ።»

አቶ ጉዲና ገልባጫቸውን ግራሶ የሚቀቡበት በሲሚንቶ የታነጸ ጉድጓድ አላቸው። መጀመሪያ የሳቸውን፣ ቀጥሎ የወይዘሮ ደብሪቱን ቮልስ አቆሙበት፤ ጎማዎቿን በብሎኬት አገዱ። ወይዘሮ ደብሪቱ ይዘውት የመጡትን የአቶ ኤርሳዶን ቱታ በቀሚሳቸው ላይ አጥልቀው፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ ወረዱ።

በመጀመሪያ ያዩት ነገር ሌላ ነበር። የቮልሷ ሆድ እንደ መስታወት በሚያበራ ጥቁር ቀለም ተለቅልቋል። በጥፍራቸው ቢፍቁት ቀለሙ እንደ ቆዳ ተገፈፈና ከሥሩ ያልታጠበ ጭቃ ከነቅባቱ ወረደ፤ የአቶ ኤርሳዶ ዘመን ጭቃ። ጥግ ላይ አንዲት የሞተች በረሮ ከነቀንዷ በቀለም ተለብጣለች። ሬሳዋን እንኳ ሳያነሡ ቀቧት! ይህን ነው ልጃቸው ስጦታ ብሎ የሰጣቸው።

«ምን አገኘሽ?» አሉ አቶ ጉዲና ከላይ።

«የአሌክስን ሥራ።»

ከዚያ ግን የፈለጉትን አዩት። የፍሪሲዮኑ ካቦ በመኪናዋ ሆድ ውስጥ አልፎ ከኋላ ሲወጣ፣ የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ዘንድ እስኪደርስ በአጭር ቱቦ ውስጥ ያልፋል። የአቶ ጉዲና መኪና ላይ ያ ቱቦ ለቀቅ ብሎ፣ ሆዱን ወደ ታች ጥሎ፣ እንደ ልጓም ገመድ ተንጠልጥሎ ነበር። የሳቸው ላይ ግን ቀጥ ብሎ ተወጥሯል። በነጭ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች፣ እየተጠበቀ፣ ወደ ላይ ተጠፍሯል፤ ለገበያ እንደ ታሰረ የዶሮ እግር። ሲያዩት ማማሩ አይካድም፤ መስመር የመሰለ ነው።

«ወንድም ጉዲና፣ ግባና አስነሣት። ፍሬኑን እንደረገጥክ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ልቀቅ፤ ስትይዝልህ እዚያው ላይ አቁም።»

«እኔ ላይ ብታርፍብሽስ?»

«ጎማዋ ታግዷል፤ ደግሞም በወርቅ የተለበጠች ናት፤ አትደፍርም። ልቀቅ!»

አቶ ጉዲና ለቀቁ። ሞተሩ ጭነቱ ሲመጣበት በተሸካሚ ጎማዎቹ ላይ ወዘወዝ አለ፤ ሞተር የተፈጠረው እንደዚያ ነው፤ ትንሽ ይወዛወዛል። በተወዛወዘ ቁጥር ግን ያ የተወጠረ ቱቦ አብሮ ይጎተታል፤ ቱቦው ካቦውን ይጎትታል፤ ካቦው ፍሪሲዮኑን ይለቅና ይይዛል፣ ይለቅና ይይዛል። ወይዘሮ ደብሪቱ በዓይናቸው እያዩት ሳቃቸው መጣ። ሌላው እግር ይኸው ነበር። ከሳቸው እግር ሥር ሆኖ ራሱ የሚረግጠው፣ ራሱ የሚለቀው።

ማሰሪያዎቹን በካራ ቆረጧቸው። ቱቦው የሚገባበት ላይ ሮንዴላ የሚባለውን የብረት ቀለበት ጨምረው ሆዱን ወደ ታች እንዲጥል አደረጉት፤ ካቦውንም ላላ አድርገው አስተካከሉት። ሲወጡ ቱታው ጥቁር በጥቁር ሆኖ ነበር። በዚያው ልብስ ቮልሷ ውስጥ ገቡ፤ ቀዩ ቆዳ ላይ፤ ደስ እያላቸው ተቀመጡበት። ለቀቁ። ሄደች።

ቅዳሜ እዝራን ከጎናቸው አስቀምጠው ወደ ስቱዲዮው ወረዱ። ምንም አልነገሩትም። ከግቢው በቁልቁለቱ ተንከባልለው ወጡ፤ መንገዱም ሁሉ ጭር ብሎላቸው ስለነበር ከተነሡበት እስከደረሱበት አንድ ጊዜም አልቆሙም፤ ስለዚህ እዝራ አንዳች አላስተዋለም። እዝራ ውርርዱን ነግሮት ኖሮ አሌክስ በር ላይ ስልኩን ደግኖ ጠበቃቸው፤ የካፌው ሰውዬም ከጎኑ አለ።

«ማዘር መጣችልን! ቁልፉን ስትሰጪ አንድ ቃል ትናገሪልኛለሽ፤ ስሜት ያለው ነገር…»

ወይዘሮ ደብሪቱ በመስኮቱ እጃቸውን ዘረጉና የተቆራረጡትን ነጫጭ ማሰሪያዎች መዳፉ ላይ አራገፉለት።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እግሬ ነው።»

አሌክስ አገላበጣቸው። «የካቦው ናቸው እንዴ? ማዘር፣ ለምን ቆረጥሻቸው? ተንጠልጥሎ ሲታይ እኮ ያስጠላል! ከሥር ስንቀርጽ ሰው የሚያየው እሱን ነው።»

«እንዲንጠለጠል ነው የተሠራው። አንተ ስታስረው ነው የምታንቀጠቅጠው።»

የአሌክስ ፊት በራ። ወይዘሮ ደብሪቱ እንዲያፍር ጠብቀው ነበር፤ እሱ ግን ስልኩን ከፍ አደረገ። «አሪፍ! በፊትና በኋላ እንሠራዋለን! ማዘር፣ እንደገና ልሰርልሽና አንድ ጊዜ ተንቀጥቀጪልኝ፤ ከዚያ እንፈታዋለን…»

ወይዘሮ ደብሪቱ ሊናገሩት ያዘጋጁት ብዙ ነበር፤ የበረሮዋንም፣ የጭቃውንም። አሁን ግን ሁሉም ምላሳቸው ላይ ቆሽሾ ታያቸው።

«ስልክህን ከፊቴ አንሣ» አሉት ብቻ። «አንተም እርስዎ በለኝ።»

መሪው ላይ የተጠመጠመውን ሐብል ፈተው በመስኮቱ አቀበሉት። መኪናዋን አዙረው አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አስተካከሉና ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ። ከላይ አስፋልቱ ላይ ሚኒባስ ያልፋል፤ ማለፉን ጠበቁ። እዝራ ከእናቱ ፊት ወደ ዳገቱ፣ ከዳገቱ ወደ እናቱ ባዶ እግር አየ። ልማዱ ነውና እጁ ወደ እጀታዋ ሄዶ ጥብቅ አድርጎ ጨበጣት፤ ዓይኑንም ጨፈነ።

ወይዘሮ ደብሪቱ ፍሪሲዮኑን ለቀቁ። ቮልሷ ያዘች፤ ጎተተች፤ ዳገቱን ወጣች፤ አስፋልቱ ላይ ገብታ በማርሽ ሁለት ከሄደች በኋላም እዝራ ዓይኑን እንደጨፈነ ጣቶቹ ነጥተው ነበር።

«እጀታዋን ልቀቃት» አሉት።

አልሰማቸውም። ወይም ገና አላመነም።

«እዝራ፣ ልቀቃት። ጎሮ ስንደርስ ጫማህን ታወልቃለህ።»